የሁዳዴ ቁራኛ

ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ከሞጣ እያመጣሁ ቢቸና ላይ እሸጣለሁ። ከመንገዱ ጋር የምትዋሰነው የቤቴ የፊት ክፍል ሱቄ ናት። አንድ ሚዛን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ባልዲ የሚደረደርበት የሲሚንቶ መደብ አላት፤ ሌላ የላትም። ጡረታ የለኝም። ልጆች አሉኝ፤ ለራሳቸውም ገና አልበቁም። የምበላው ከዚያች ክፍል ነው፤ የምጽፈውም ክፍሏን ላጣ ስለነበርኩበት ሁዳዴ ነው።

የቅቤ ገንዘብ እንደ ደመወዝ በወር በወር አይመጣም። በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ለምለም ሲሆን ቅቤው ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። በገና ዋዜማ ይሸጣል። በጥር ሰርጉ ሲደራረብ ሚዛኑ አያርፍም። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። በሁዳዴ ቢቸና ላይ ቅቤ ፈልጋ የምትመጣ ፀጉሯን የምትቀባ ሴት ብቻ ናት። ላሞች ግን አይፆሙም። የገበሬው ሚስት ትንጣለች፣ ገበያ ታወጣለች፣ ዋጋው መሬት ይነካል። ያኔ ገዝቶ ለፋሲካ ያቆየ ሰው ያተርፋል። ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በሁዳዴ ገንዘብ የለም። ብድር ውስጥ የገባሁት በዚህች ቀዳዳ ነው።

አበዳሪው ለአንድ ሴት ብቻዋን አያበድርም። አምስት ሆነን እርስ በርስ ዋስ ተባባልን፤ አንዷ ብትጎድል አራቱ ይከፍላሉ። ሰብሳቢያችን እህል የምትነግድ፣ የዕድሜ እኩያዬ ናት። ቤቷ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ደጇ ላይ ተቀምጦ ሱቄ የሚገባውን ሰው መቁጠር ይቻላል፤ ትቆጥራለችም። ክፍሌን ለእህል ማራገፊያ ፈልጋ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ አከራዪኝ ብላኛለች። ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ አጠረ። የእኔም አልረዘመም። እንዲህ ሆነን እንዴት ዋስ ተባባላችሁ የሚለኝ ሰው አለ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የምትወጃትን ብቻ ዋስ አድርጊ ብትባዪ አምስት አይሞላም።

ያስፈረመን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት የአበዳሪው ሠራተኛ ነበር። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። እሱ ግን ውሉን ለሕፃን እንደሚነበብ ቃል በቃል እየጠቆመ አነበበልኝ። በየወሩ ማለት በየሠላሳ ቀኑ ማለት ነው እማማ፣ አለኝ። ወር ስንት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ አልኩት። ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።

ዕዳ የምይዝበት የራሴ ሥርዓት አለኝ። ከሽያጩ መጀመሪያ የቅቤውን መግዣ አወጣለሁ፣ ቀጥሎ የብድሩን፣ የተረፈው ለሆድ ነው። የብድሩን ገንዘብ ቤት አላሳድርም። ቤት ያደረ ገንዘብ ለቅሶ ይመጣበታል፣ ተዝካር ይመጣበታል፣ የልጅ ስልክ ይደወልበታል። በጥር እጄ ላይ ደህና ገንዘብ ስለገባ የሚመጡትን የፆም ወራት ክፍያ አስቀድሜ ልጨርስ ብዬ ወደ ቢሮው ይዤ ሄድኩ። ይኸ የየካቲት፣ ይኸ የመጋቢት፣ ይኸ የሚያዝያ ብዬ ለያይቼ ቆጠርኩለት። ተቀበለ፤ ደረሰኝ ሰጠኝ፤ ጎበዝ እማማ አለኝ።

በየካቲት መጨረሻ ደወለ። ክፍያዎ አልፏል አለ።

ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ። ደረሰኙ ላይ «ቁጠባ» ተብሎ ታትሟል። ሲስተሙ ወሩ ያልደረሰ ክፍያ ስለማይቀበል ቁጠባ ውስጥ አስገባሁልዎ አለኝ። እንግዲያው ከዚያው አንሥተህ ክፈልልኝ አልኩት። ቁጠባው መያዣ መሆኑን፣ አምስታችንም ዕዳችንን ጨርሰን አምስታችንም እስክንፈርም ድረስ እንደማይነካ አስረዳኝ። በጣም በትሕትና ነው ያስረዳኝ።

«ስለዚህ ገንዘቤ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ የጎደለብኝም ለእናንተ ነው» አልኩት።

«አዎ እማማ። ግን አካውንቱ ይለያያል።»

ሊቃውንቱ ሁዳዴ ሁዳድ ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ። ሁዳድ ገበሬው ለጌታው በነፃ ያርሰው የነበረ መሬት ነው። አባቴ በጎልማሳነቱ አርሶታል። ከቢሮው ስወጣ ያ ቃል ትዝ አለኝ፤ ብዙም አላስደነቀኝም።

የቀረኝ ገንዘብ በሙሉ ሞጣ ነበር። እዚያ ቅቤ የምትሰበስብልኝ ደንበኛ አለችኝ፤ ገና ወጣት የሆነች፣ እጇ ንጹሕ ሴት። ዋጋው ሲወርድ ከገበያ እየገዛች ባልዲ ትሞላልኛለች፤ ቤቷ ጥላ ስለሆነ እዚያው ታቆየዋለች፤ ለፋሲካ ሄጄ አመጣዋለሁ። ያን ዓመት መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል። መጋቢትን ሙሉ አውቶቡስ አልሄደም ማለት ይቻላል። ቅቤዬ ሞጣ፣ ቁጠባዬ ቢሮው ውስጥ፣ እኔ ቢቸና ባዶ መደብ ላይ ተቀምጬ የመጋቢቱም ክፍያ አለፈ።

ሰብሳቢዋ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሁለት ሴቶች አስከትላለች፤ እነሱም ከአምስታችን ናቸው። ቅጣቱ ለሁላችንም እየተረፈ ነው፣ እኔ የሁለቱን ወር እከፍልልሻለሁ አለች። ራራችልኝ ብዬ አላሰብኩም። የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

«ፆሙ እስኪፈታ ካልመለስሽልኝ ክፍሏን ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ እይዛለሁ» አለች። «ጎረቤት አይደለን፤ የሚያጣላን ነገር የለም። ጻፊና ፈርሚ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

ጻፍኩ፤ በራሴ እጅ። ሁለቱ ሴቶች ምስክር ሆኑ። ሌላ መንገድ ቢኖር አልጽፍም ነበር። ስትወጣ መደቡን በስንዝር ለካች። ሁለት ስንዝር ለክታ እኔ እንደማያት ስታውቅ ተወችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጎረቤት የሚሆነው አይደለም። ጠዋት በሩን ስከፍት ደጇ ላይ ቆማ «ዛሬስ ተሸጠ?» ትላለች፤ መንገዱን አሻግራ፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። በፆም ቅቤ እንደማይሸጥ ታውቃለች። ፀጉሯን የምትቀባ ልጅ ገብታ ስትወጣ ስንት እንደገዛች ትጠይቃታለች። አንድ ጊዜ እህል የጫነ አህያ ከደጄ አስቁማ እዚህ ይራገፍ ይሆን ብላ ነጂውን አማከረችው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጂው አፍሮ አህያውን ወደ እሷ ቤት መለሰ። ባሏ ከሞተባት ሴት ጩኸት ይጠበቃል፤ እኔ የሚጠበቀውን መስጠት አልወድም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት መንገዱ ተከፈተ። ማልጄ መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣለች። ጎኗ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛልኛለች።

«ወዴት ነሽ?» አልኳት።

«ካንቺ ጋር» አለች።

ሌላ ባዶ ወንበር አልነበረም። ተቀመጥኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ የነጠላዋን ጫፍ ከእኔ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ቁራኛ መሆኗ ነው። በድሮው ጊዜ ባለገንዘብና ባለዕዳ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ከመካከላቸው ማንም አይለይም። አባቴ ሁለት ሰዎች እንደዚያ ተቋጥረው ሲሄዱ ማየቱን ነግሮኛል። ዛሬ የቀረው ቃሉ ነው፤ ሰው ሲጣበቅብን ቁራኛ ሆነብኝ እንላለን። እሷ ግን ቃሉን ትታ ነገሩን አመጣችው።

«ባለዕዳ ድሮ እንዲህ ነበር የሚጓዝ» አለች ለተሳፋሪው። ሳቁ። ካሳቀ ዘንድ ጨመረችበት፤ ይቺ ሞጣ ገብታ ወደ ባሕር ዳር ብትሾልክ ማን ይከፍለኛል አለች። ደግመው ሳቁ።

ከፊታችን አንድ የቅኔ መምህር ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። ዞር ብለው ቋጠሮውን አዩት።

«ቋጠሮ ክፉ ነገር ነው» አሉ። «ማን እንደያዘ ማን እንደተያዘ አይናገርም።»

«የያዝኩትስ እኔ ነኝ፣ የኔታ» አለች።

«እሺ እናቴ» አሉና ወደ ፊታቸው ተመለሱ።

ደብረ ወርቅ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። መውረድ ፈለገች፤ የምትወርድበት ምክንያት የማያቆይ ነበር። ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች። ስትቋጥረው ለተመልካች ብላ አጥብቃዋለች፤ ጥፍሯም አጭር ነው። ነጠላው የባለቤቴ እናት የፈተለችው ነው፤ የሚበጠስ አይደለም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮት በኩል የደብረ ወርቅን ሰው አየሁ።

«ፍቺው እንጂ» አለች።

«የያዝሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

የመምህሩ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ነጠላዋን አውልቃ እኔ ላይ ጥላው ወረደች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። በግንደ ወይን አልፈን እስከ ሞጣ ድረስ የእሷን ነጠላ ከእኔው ጋር እንደተቋጠረ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከባድ ነጠላ ነው፤ ጥሩ ጥበብ አለው።

የሞጣዋ ደንበኛዬ በር ላይ ተቀበለችን። ሁልጊዜ እትዬ ትለኛለች። ያን ቀን ግን ዓይኗ ከኋላዬ ካለችው ሴት ላይ ነበር። ባለገንዘብ ይዤ የመጣሁ መሆኔን ማንም አልነገራትም፤ የሁለታችንን ነጠላ ቋጠሮ ስትፈታ ገባት። ጣቷ ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ፈታችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችኝ ሁሉ አጭር ሆነ። ገንዘቤ ሲያንስ በዱቤ የምትሞላልኝ ስለ ስሜ ነበር። ስሜ አብሮኝ ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ ባለገንዘቤም አብራኝ እንደወረደች አየች። ይህን የወሰደችብኝን አመኔታ ሰብሳቢዋ እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ብታውቀውም ዋጋ አትሰጠውም።

ባልዲዎቹ ጥላው ውስጥ ተደርድረዋል። ስምንት ናቸው። አምስቱ የወተት ቀለም ያላቸው፣ ገርጣ ያሉ ናቸው። ሦስቱ ግን ቢጫ ናቸው፤ የመስቀል አበባ የመሰለ ቢጫ። ደንበኛዬ ወደ ጎን ወስዳ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንድ የማታውቀው ሰው በግርግር ቀን አምጥቶ ሸጦላት ሄደ፤ ከእኔው ገንዘብ ነው የከፈለችው፤ ሌሊት ስታስበው ግን ልቧ አልቀበል አላት።

እኔም ሳየው አልተቀበልኩትም። በመጋቢትና በሚያዝያ ላም ጭድ ነው የምትበላው። ጭድ የበላች ላም ቢጫ ቅቤ አትሰጥም። ጥቂት በእጄ ጀርባ ላይ አሸሁት። ወዲያው አልቀለጠም፤ ቆይቶ ሲቀልጥም እንደ ቅባት ተንሸራተተ፣ ሽታውም ከላም አልነበረም። የሚረጋ ዘይት አለበት፤ ምናልባት ሙዝም። ምላሴ ላይ ባደርገው ይለይልኝ ነበር፤ ፆም ነው። ሦስቱን ባልዲ በልቤ ለኪሳራ ጻፍኳቸው። አምስቱ ለፋሲካ ቢሸጡ የእሷን ከፍዬ ለሚቀጥለው መግዣ ትንሽ ይተርፈኛል፤ ብዙ አይደለም፤ ክፍሏ ግን ትድናለች።

ሰብሳቢዋ ግን ሌላ ሒሳብ ይዛ ነው የመጣች። ገንዘብሽን አልጠብቅም አለች። ቅቤውን እዚሁ፣ በሞጣ የፆም ዋጋ ልትወስድ፣ ፋሲካ ላይ ቢቸና ራሷ ልትሸጠው ነው። ትርፌን እስከ ሥሩ መውሰዷ ነው። ደንበኛዬ በሞጣ ዋጋ ስንት ባልዲ ዕዳውን እንደሚሸፍን አሰላች፤ ሦስት ሆነ።

«አንቺ እንድትመርጭልኝ አልፈልግም» አለችኝ ሰብሳቢዋ። «ራሴ እመርጣለሁ።»

ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። በገርጣዎቹ አለፈች። ቢጫዎቹ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ቅቤ በልታ ነው እንጂ ነግዳ አታውቅም፤ ቢጫ ቅቤ ለጋ ነው ሲባል ሰምታለች። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ እሷም ፆመኛ ናት፣ አልቀመሰችም።

«እነዚህ» አለች።

«እነዚያን ተዪ» አልኳት። «ከሌሎቹ ውሰጂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች።

«ለማን ደብቀሽው ነው?»

«እነዚያ ደህና አይደሉም። በዚህ ወር ቢጫ ቅቤ የለም።»

«አይ አንቺ» አለች። «አፍሽ ቅቤ» አለችና ቀሪውን ተወችው። ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ልቡ ጩቤ ነው።

ደንበኛዬ ጣልቃ ልትገባ አፏን ከፈተች። እትዬ እውነታቸውን ነው ስትል ጀመረች። ሰብሳቢዋ ለሁለታችንም እጇን አወዛወዘች፤ ተመካክራችሁ ያሰናዳችሁት ነገር ነው አለች። ባልዲዎቹን ቆጥራ ለየቻቸው፤ ክዳናቸውን በገመድ አሰረች። ከዚያ ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ነው። በጀርባው ላይ በዕዳው ፈንታ ሦስት ባልዲ ቅቤ መርጬ ወስጃለሁ፣ ክፍሏን አልጠይቅም የሚል ጻፍኩ፤ አነበብኩላት፤ ፈረመች። ደንበኛዬም ፈረመች። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ሦስተኛ አልነገርኳትም።

ሰው ይህን ስነግረው ከዚህ ላይ ያቆመኛል። እንደገና ብትነግሪያት ምን ነበረበት ይለኛል። ሁለት ጊዜ የተነገራት ሴት ሦስተኛው ላይ ትሰማለች ብዬ የማምንበት አንድም ምክንያት አልነበረኝም፤ ነጠላዬም ገና እንደተጨማደደ ነበር።

ስንመለስ የየራሳችን ባልዲ ጣራው ላይ ተጭኖ፣ የየራሳችን ወንበር ላይ ተቀመጥን። መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ ቅቤዋን አወራች። ያ ቢጫ ነው፣ የሞጣ ለጋ ነው፣ ከባለቤቷ እጅ ነጥቄ ነው ያመጣሁት እያለች። ቢቸና ስንደርስ ደጇ ላይ ጠረጴዛ አወጣች። ከእኔ ዋጋ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ጠራች። ሰው እየተሻገረ ወደ እሷ ሄደ፤ የድሮ ደንበኞቼ ጭምር። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሸጠች፣ ዓርብ ከስግደት በኋላ ሸጠች። እኔም የተረፈኝን ሰው ይዤ የገረጣውን ሸጥኩ። ገርጥቷል ሲሉኝ ወሩ ነው እያልኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከተማው ሁሉ ቅቤ ማንጠር ጀመረ። እኔ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ መንገዱን አይ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ሴት ብረት ድስት ይዛ መጣች። ድስቱን ከእህል ነጋዴዋ ፊት አስቀመጠችው። ቀጥሎ ሌላ መጣች፤ እሷ ሳህን ነው የያዘችው። አረፋው አልጠራም፤ ከሥሩ እንደ ሙዝ ቅርፊት የጠቆረ ነገር ተቃጥሏል፤ ሽታው የዘይት ነው። ሦስተኛዋ ተሳዳቢ ነበረች። በዚያች ቀን ስድብ ያጸይፋል፤ ነገር ግን ዶሮዋ ታርዶ የሚጨመርበት ቅቤ ያጣች ሴት ፆም አይበግራትም። «የእህል ነጋዴ ሆይ፣ በሽሮሽ ውስጥስ ምን አለበት?» አለቻት። ሰዉ ሰማ። እህል የምትነግድ ሴት የምትፈራው ያን ጥያቄ ነው።

ለሁሉም ገንዘባቸውን መለሰች። ያን ማለት ይገባኛል፤ መለሰች። ስትመልስ ግን በእያንዳንዱ ብር ወደ እኔ በር እያየች ነው።

በፋሲካ ማግስት ሁለት ሽማግሌዎችን ይዛ መጣች። አስገባኋቸው፤ ወንበሩን ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ። እሷ ቆመች፤ መደቡ ላይ መቀመጥ ትችል ነበር። የተበላሸ ቅቤ ሸጠችልኝ፣ ውሉ ፈርሷል፣ ወይ ገንዘቤን ወይ ክፍሏን አለች። ወረቀቱን አሳየኋቸው። መርጬ የሚለውን ቃል አንደኛው ሽማግሌ ጮክ ብለው አነበቡት። ወደ ሞጣ ተደወለ፤ የዚያን ቀን ኔትወርክ ነበረ። ደንበኛዬ በስፒከር፣ እትዬ ሁለት ጊዜ ነግረዋቸዋል፣ እኔም ልናገር ስል አልሰሙኝም አለች። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለእሷም ለእኔም።

«ነግራሻለች?» አሏት ሽማግሌው።

«ነግራኛለች» አለች። «እንደ ጠላት ነው የነገረችኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠላት ነበርኩ» አልኳቸው። «የዋሸሁት ነገር ግን የለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሁለተኛው፣ ለበዓሉ ክብር፣ ለጉርብትና ስትዪ ግማሹን ብትመልሺላት አሉኝ። ሰው በዕርቅ ይኖራል አሉ። አንድ ሰው ዕርቅ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ የራሱ ሳይሆን ሲቀር ነው። አልመለስኩም። ወረቀቱ ፆሙ እስኪፈታ ይላል፤ ፆሙም ተፈታ፣ ቋጠሮውም ተፈታ አልኳቸው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ቤተ ክህነት የተማሩ ናቸው፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በመሃላችሁ የቀረ ሌላ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ልማድ ነው፣ ሳይጠየቅ አይነሣም።

«ሦስት ባልዲ» አልኩ። «የወሰደችው ቅቤ ነው። ባልዲዎቹ የእኔ ናቸው።»

የዚያን ጊዜ ብቻ ነው የጮኸችው።

ክፍሏ ቀረችልኝ። የሚያዝያውን ክፍያ በቀኑ ከፈልኩ፣ የግንቦቱንም፤ ከዚያ በኋላ ያሉትንም እንደምንም እያልኩ ዕዳዬን ጨረስኩ። ከክፍያ ቀን አንድ ቀን አስቀድሜ አልሄድኩም፤ ደረሰኙንም መስኮቱ ፊት ቆሜ አነበብኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ። ከሞጣ ግን በዱቤ የሚመጣልኝ ቅቤ ቆመ። ደንበኛዬ እትዬ ትለኛለች፤ ገንዘቡን ቀድሜ ካልላክሁ ባልዲ አትሞላም። ስለዚህ በሁዳዴ የምገዛው እጄ ላይ ባለው ልክ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው።

የጥር ገንዘቤ ያ «ቁጠባ» የተባለው አሁንም ቢሮው ውስጥ ነው። አምስታችንም ዕዳችንን ጨርሰናል። ወጣቱ ሠራተኛ ተዛውሮ ሌላ መጥቷል፤ ይኸኛውም እማማ ይላል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ፈርመዋል። ሰብሳቢዋ አልፈረመችም፣ እሷ ካልፈረመች ቁጠባዬ አይለቀቅም። እኔም አልፈረምኩም፣ እኔ ካልፈረምኩ ቡድኑ አይዘጋም፤ ቡድኑ ካልተዘጋ ደግሞ ለእህል መግዣ የጠየቀችው ትልቁ ብድር አይሰጣትም። አዝመራው ደርሷል። የምትገዛበት ጊዜ አሁን ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ደጇ ላይ ናት፤ ዛሬስ ተሸጠ አትልም። እኔም ወንበሬን ወደ መንገዱ አዙሬ አስቀምጠዋለሁ።

አዲሱ ሠራተኛ በአንድ ቀን መጥታችሁ አብራችሁ ብትፈርሙ ሁለታችሁም ነፃ ትወጣላችሁ ብሎ ደወለልኝ። ባልዲዎቼ ሲመለሱ እመጣለሁ አልኩት። ምን ባልዲ አለኝ። እሷን ጠይቃት አልኩት።

ባለፈው ሳምንት የባጃጅ ሹፌር ደጄ ላይ ባልዲ አራግፎ ሄደ። ሳይታጠቡ ነው የመጡት፤ ጠርዛቸው ላይ ያ ቢጫ ነገር ደርቋል። በአመድና በሙቅ ውኃ አጠብኳቸውና መደቡ ላይ ደረደርኳቸው።

ሁለት ናቸው። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።